ካነን 6ዲ ከአስር ክረምት በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ሪቪው ልፅፍ ሳስብ ከርሜ ዘንድሮ ግን ክረምቱ ሳይገባ ልጨርሰው ብዬ ተቀመጥኩ፣ ምክንያቱም ምፅፈው ነገር ግማሹ ስለ ክረምት ነው። ካሜራዬ ካነን 6ዲ ነው፣ የመጀመሪያው፣ ማርክ ቱ ሚባለው አይደለም። በ2007 ዓ.ም. እህቴ ለገና ከሜሪላንድ ስትመጣ በፎጣ ጠቅልላ ሻንጣዋ መሀል አድርጋ አመጣችልኝ። ብሩን ያገኘሁት ከእቁብ ነው፣ እጣው የወጣልኝን ቀንና ብሩን የቆጠርኩበትን ጠረጴዛ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፣ ስለዚ ለዚ እቃ ያለኝ ስሜት ትንሽ ከፍ ቢልባችሁ በዛ ተረዱልኝ።

ከዛ ወዲህ ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ጥምቀት፣ ደመራ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ዳሎል ሳይቀር አብሮኝ ሄዷል። ሻተሩ (በየፎቶው ተከፍቶ ሚዘጋው መጋረጃ) አሁን 140 ሺህ ፎቶ አልፏል፣ ካነን ለዚ ሞዴል የገመተው 100 ሺህ ነው፣ አሁንም እየሰራ ነው። ብዙ ሰው "እንዴት እስካሁን ቆየልህ፣ አታሰራውም እንዴ" ይለኛል። በጣም ነው ማሰራው። በነዚ አመታት ያየሁት እንደውም ሌላ ነው፣ ካሜራና ሌንስ ስራ ላይ እያለ ከሚደርስበት ይልቅ ቤት ተቀምጦ ሚደርስበት ይብሳል። ወደዛ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን ካሜራው ራሱ ምን ይመስላል ለሚለው።

6ዲ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ነው ገበያ ላይ የዋለው። ፉል ፍሬም ነው፣ ማለትም ሰንሰሩ (ብርሀን ሚቀበለው ክፍል) የድሮውን የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህላል፣ 20.2 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ 4.5 ፎቶ ያነሳል፣ ባትሪው ኤልፒ ኢ6 ነው። ወረቀት ላይ ስታዩት ደካማ ነው ሚመስለው፣ በወጣበት ጊዜም ሰው ያማው ነበር፣ የፎከስ ነጥቦቹ 11 ብቻ ናቸው፣ ከ11ዱም ክሮስ ታይፕ (አግድምም ቁልቁልም አይቶ ፎከስ ሚይዝ) የሆነው የመሀሉ አንዱ ነው። ግን ያቺ አንዷ የመሀል ነጥብ እስከ ማይነስ 3 ኢቪ ድረስ ፎከስ ትይዛለች፣ በቀላል አማርኛ የጨረቃ ብርሀን በሚያህል ነገር ላይ ማለት ነው። ይሄ ቁጥር ለአንዳንዱ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለኛ ሀገር ፎቶ አንሺ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ2010 ለገና ላሊበላ ነበርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ተቆሞ፣ ብርሀኑ ጧፍ ብቻ ነው፣ ሰው ከሰው ተጣብቆ ቆሟል፣ ፍላሽ ማብራት ደግሞ አይታሰብም፣ ማንም ባይከለክልህ እንኳ ራስህ ታፍራለህ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሀን ያለው ስሜት) 6400፣ 50 ሚሊሜትሩን ሌንስ 1.8 ላይ ሙሉ ለሙሉ ከፍቼ፣ ሻተር 1/100 ሰከንድ አካባቢ። ጧፍ የያዘች እናት ፊት ላይ ያቺን የመሀል ነጥብ አሳርፌ ስጫን ቲክ ብሎ ያዘ፣ ምንም ወዲያ ወዲህ ሳይል። አጠገቤ የነበረው ልጅ በዛን ሰአት ከኔ በጣም ሚበልጥ ውድ ካሜራ ይዞ ዳር ያለው ነጥብ ላይ ፎከስ ፍለጋ ሲመላለስ ነበር። ሌላው ደስ ያለኝ ሳይለንት ሹቲንግ ሚለው ሞድ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ድምፅ አያጠፋም ግን ያን ጣ ሚለውን መስታወት አለስልሶ ቀስ አድርጎ ነው ሚያወርደው፣ ፀናፅልና ከበሮ ባለበት ማንም አይሰማችሁም። ጠዋት ላይ ቤተ ማርያም ጋ ካህናቱ ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ያነሳሁት ፎቶ እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል።

በዚ ካሜራ ስትሰሩ ግን አንድ ልማድ ማውጣት አለባችሁ። በመሀሉ ነጥብ ፎከስ ይዞ ካሜራውን ወደ ጎን አዙሮ ማንሳት 1.8 ላይ አደጋ አለው፣ ስትዞሩ ፎከሱ ከአይን ወደ ጆሮ ይሄዳል። እኔ አሁን ሰፋ አድርጌ ነው ማነሳው፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ እቆርጠዋለሁ፣ 20 ሜጋፒክስል ለዛ ይበቃል።

ነጠላ ሌላ ትምህርት ነው፣ እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። የካሜራው የብርሀን መለኪያ ሁሉን ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው ሚገምተው። ሀምሳ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ፊት ለፊቱ ስታቆሙለት "ኧረ ብርሀን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል የሰዉ ፊት ደግሞ ጥቁር ይሆናል፣ ቀድሞውንም ጠይም የሆነው ፊታችን ዝርዝሩ ሁሉ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አመታት ያነሳኋቸው የቤተክርስቲያን ፎቶዎች ሁሉ እንደዛ ናቸው። በኋላ በኤዲቲንግ አነሳዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፣ የዚ ካሜራ ሰንሰር ጨለማውን ክፍል በኃይል ስትጎትቱት ነጠብጣብና መስመር ያወጣል፣ በዛን ጊዜ የነበሩ የካነን ሰንሰሮች ሁሉ ባህሪ ነው። ስለዚ መፍትሄው እዛው ማንሻው ላይ ነው፣ ኤክስፖዠሩን ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሀኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ወደ ላይ ከፍ ማድረግ፣ ከዛ ብልጭ ድርግም ሚለውን የብርሀን ማስጠንቀቂያ ማየት፣ ነጠላው ላይ ትንሽ ቦታ ብልጭ ካለ ችግር የለም፣ ጥለቱ ላይ ካለ ግን ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አድርጋችሁ አንሱ፣ ፊት ይቅደም፣ ጨርቁ ይደርሳል።

ድክመቶቹን በአጭሩ። የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው፣ ሰርግ ለሚሰራ ሰው ይሄ ያሳስባል። ሻተሩ ከ1/4000 አያልፍም፣ ፀሀይ አናት ላይ ስትሆን 1.8 ከፍታችሁ ማንሳት አትችሉም፣ ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ ሚገባ ብርሀን ሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ያስፈልጋል። ፍላሽ ሲንኩ፣ ማለትም ከፍላሽ ጋር ሚሄደው ፈጣኑ ሻተር፣ 1/180 ነው። ስክሪኑ አይታጠፍም። ቪዲዮ ይቀርፃል ግን ለቪዲዮ ብላችሁ አትግዙት፣ ሸማና ጥለት ላይ ሞገድ የመሰለ መስመር ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

አባዬ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ህብረት ለትምህርት ከተላኩት አንዱ ነበር፣ ሲመለስ ዜኒት ኢ ካሜራ ይዞ መጣ፣ ከነ ሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ፣ 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2። ዜኒትን ያየ ያውቀዋል፣ ብረት ነው፣ ባትሪ ሚባል ነገር የለውም፣ ብርሀን መለኪያው ራሱ በሴሌኒየም ነው ሚሰራው። አባዬ ያንን ካሜራ እንደ ታቦት ነበር ሚያከብረው፣ እኛ ልጆቹ መንካት አይፈቀድልንም። ፊልም ማግኘትና ማሳጠብ እየከበደ ሲመጣ በቡናማ የቆዳ ቦርሳው ውስጥ አድርጎ ቆለፈና የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከልብስ ስር ከተተው። አስራ ምናምን አመት እዛ ተቀመጠ። እኔ 6ዲ ከገዛሁ በኋላ ለምኜ ሳስከፍተው ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ፈንገስ ነው። አባዬ ዝም ብሎ አየው፣ ምንም አላለም።

ፈንገስ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ በሆነ፣ ጨለማ በሆነና አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ይበቅላል። ቆዳ ደግሞ እርጥበት ይዞ ሚያቆይ ነገር ነው፣ ጨርቅም እንደዛው፣ ስለዚ የቆዳ ቦርሳ፣ ከልብስ ስር፣ ሳጥን ውስጥ፣ አዲስ አበባ ሀምሌና ነሀሴን፣ በቃ ሚፈልገውን ሁሉ ሰጥተነዋል። እያደገ ሲሄድ ሚያወጣው አሲድ የሌንሱን ሽፋን ይበላዋል፣ ቢፀዳ እንኳ ምልክቱ አይለቅም።

ከዛን ቀን ጀምሮ የኔ ካሜራ በቦርሳው ውስጥ አድሮ አያውቅም። ቦርሳ ለመንገድ ነው። ቤት ስገባ አወጣዋለሁ፣ ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለውና ጥብቅ ብሎ ሚዘጋ ትልቅ የፕላስቲክ የምግብ እቃ አለኝ፣ እዛ ውስጥ አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያና ሲሊካ ጄል አስገብቼ ነው ማስቀምጠው። ሲሊካ ጄል ማለት አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ምትመጣው ከረጢት ውስጥ ያለው ነው፣ ግን ያቺ ትንሿ ወዲያው ነው ምትጠግበው፣ በኪሎ ሚሸጠውን ከለሩን ሚቀይረውን ፈልጉ። ከለሩ ሲቀየር ውሀ ጠግቧል ማለት ነው፣ ኦቨን ውስጥ 120 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሰአት ያህል ስታቆዩት ይደርቅና እንደገና ይሰራል። ሰማያዊው ኮባልት ስላለው ምግብ በምትሰሩበት እቃ አታድርቁት፣ ብርቱካናማው ይሻላል። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ሲሆን ጥሩ ነው፣ በጣም ዝቅ ማድረግም ጥሩ አይደለም። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ አወጣዋለሁ፣ ጠዋት ፀሀይ ብቅ ስትል መስኮት አጠገብ አድርጌ ሌንሶቹን እያዞርኩ፣ ሻተሩን ሀያ ሰላሳ ጊዜ እየተጫንኩ አንቀሳቅሰዋለሁ። ለዚ ሁሉ ያወጣሁት ወጪ ከአንድ ሰርግ ራት አይበልጥም፣ አስር ክረምት አሳልፎልኛል፣ አንድም ድር የለውም።

አቧራ ሌላው ነው። በ2009 አካባቢ ሰማይ ሳነሳ ጥቁር ነጠብጣቦች ማየት ጀመርኩ፣ ሰንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል። ወስጄ አንድ ጥገና ቤት ሰጠሁ፣ ስም አልጠራም። ባለሙያው ፊቴ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ሰንሰሩን እንደ መነፅር ወለወለው፣ ዝም አልኩ፣ ባለሙያ ነው ብዬ። ቤት ገብቼ ሳየው ነጠብጣቡ በጭረት በጭረት ተተክቷል። በጣም ነበር ያዘንኩት፣ ሁለት ሳምንት ካሜራውን ማየት አልፈለኩም። ደግነቱ ጭረት የመሰለኝ የደረቀ አልኮል ነበር፣ በኋላ በትክክለኛው መጥረጊያ ለቀቀ። አሁን ራሴ ነው ማፀዳው፣ ባትሪውን እሞላለሁ፣ ሜኑው ውስጥ በእጅ ማፅጃ ሚለውን ስመርጥ መስታወቱ ይነሳል፣ ካሜራውን አፉን ወደ መሬት ገልብጬ በእጅ ሚጨመቀውን የጎማ መንፊያ ሰባት ስምንቴ እነፋለሁ፣ ብዙ ጊዜ በዚ ብቻ ይለቃል። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። በቆርቆሮ ሚመጣውን አየርም አትጠቀሙ፣ ፈሳሽ ይተፋል። ካልለቀቀ ለፉል ፍሬም ተብሎ 24 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መጥረጊያ አለ፣ ሁለት ጠብታ፣ አንድ ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜ መልስ፣ ከዛ ይጣላል፣ አይደገምም። ማፅዳት ከፈራችሁ ቢያንስ ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን አጥፍታችሁ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀይሩ፣ ደመራ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትቀይሩ፣ አመዱና ጭሱ ሁሉ ነው ሚገባው።

ውሀ። ጃንሜዳ ጥምቀት ላይ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፣ ፀበሉ በጎማ ሲረጭ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከበላዬ ወረደብኝ። 6ዲ ጠብታና አቧራ ሚቋቋምበት ነገር አለው ግን ውሀ አያስገባም ማለት አይደለም፣ የኔ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ ኋላው ላይ ጎማ የለውም። ወዲያው አጠፋሁት፣ ባትሪና ካርዱን አወጣሁ፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠረኩት፣ ቤት ወስጄ ከሲሊካው ጋር ከትቼ ሁለት ቀን ሳልነካው ቆየሁ። በጣም ከባዱ ነገር ያ ነው፣ "ይሰራ ይሆን" ብሎ ለማየት አለማብራት። ሩዝ ውስጥ ክተተው ያለኝ ሰው ነበር፣ አትክተቱ፣ ዱቄቱ በየቀዳዳው ይገባል። ሰራ። አሁን ጥምቀት ስሄድ ፌስታል ቀድጄ በላስቲክ አስሬ ነው ምሄደው፣ ሌንሱ ብቻ ይወጣል።

ሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ ስናድር ደግሞ ተቃራኒውን ተማርኩ። ብርዱ ባትሪውን ግማሽ አደረሰው፣ ለካ ባልሰራበትም ብርድ ላይ አቅሙ ይወርዳል፣ ደረታችሁ ኪስ ውስጥ አሙቃችሁ ስትመልሱት ይመለሳል። ጠዋት ከውጪ ብርድ ጭላዳዎቹን ሳነሳ ቆይቼ እሳት የነደደበት ጎጆ ስገባ ካሜራው ከላይ እስከ ታች ላበው፣ ውስጡም ጭምር። ከብርድ ወደ ሙቀት ስትገቡ በፊት ውጪ እያላችሁ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ እሰሩት፣ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲሞቅ ታወጡታላችሁ። ኤሲ ካለው መኪና ወጥታችሁ አፋር ስትወርዱም ያው ነው።

ባትሪ ላይ አንድ ነገር፣ ይሄ ካሜራ ጂፒኤስ አለው፣ ጂፒኤሱ ከበራ ካሜራውን ብታጠፉትም እሱ ይሰራል፣ ስለዚ ማታ ሙሉ የነበረ ባትሪ ጠዋት ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ባትሪው አልሞተም፣ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ጂፒኤሱን አጥፉት። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁለት ደህና ባትሪ ጥዬ ስም የሌለው ርካሽ ገዛሁ፣ እሱ ደግሞ በስድስት ወሩ አብጦ ከውስጥ አልወጣ ብሎ አስጨነቀኝ። ኦሪጅናሉ ሜኑው ላይ ጤናውን በሦስት አረንጓዴ ምልክት ያሳያችኋል። ለብዙ ጊዜ ማትጠቀሙ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ከካሜራው አውጥታችሁ አስቀምጡት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሩ ዲቫይደሩ ላይ ተሰክቶ አይቆይ፣ ጎረቤቴ ቲቪውን ያጣው በዛ ነው።

ካርድን በተመለከተ አሁንም ሳስበው ያመኛል። የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ አዲስ የገዛሁትን ካርድ ተጠቀምኩ፣ ላዩ ላይ 64 ጊጋ ይላል፣ እውነተኛው መጠኑ ግን የዛ ሩብ ነበር። ከሞላ በኋላ ያነሳሁት ሁሉ አይከፈትም። እናቷ ሲመርቋት ያነሳሁት እዛ ውስጥ ነበር። ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም የተወሰነውን አወጣሁ፣ ምርቃቱ ግን አልተገኘም፣ አክስቴ "ተወው ልጄ፣ እኔ በልቤ ይዤዋለሁ" አለችኝ፣ እኔ ግን አልተውኩትም። አሁን ማንኛውም አዲስ ካርድ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ እስከ ጫፉ ሞልቼ መልሼ አንብቤ ነው ስራ ላይ ማውለው። ማስገቢያው አንድ ስለሆነ ትልቅ አንድ ካርድ ሳይሆን ትንንሽ ሦስት አራት እይዛለሁ፣ ኒካው በአንዱ፣ ምሳው በሌላው፣ ማታውኑ ሁለት ሀርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፣ ካርዱ ሚጠፋው ከዛ በኋላ ካሜራው ላይ ፎርማት ተደርጎ ነው። ፎልደሮቹን በኛ አቆጣጠር ነው ምሰይማቸው፣ ቤተሰብ "የ2011 ፋሲካን ላከው" ሲለኝ ወዲያው አገኘዋለሁ።

ዛሬ ዩዝድ 6ዲ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ዋጋ አልፅፍም በየሳምንቱ ነው ሚቀየረው፣ ግን እቃውን እንዲ አድርጋችሁ እዩት። የስልካችሁን መብራት በሌንሱ አንድ ጫፍ አብርታችሁ በሌላው እዩ፣ ድር ካያችሁ ተዉት። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ ኤፍ 22 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይ ሰማይ አንሱ፣ የሰንሰሩ እድፍ ሁሉ ይታያል። የሻተሩ ቁጥር በዚ ካሜራ ፎቶው ውስጥ አይፃፍም፣ በኬብል ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው ሚነበበው፣ ስለዚ ሻጩ በአፉ ሚነግራችሁን አትመኑ። ሚሮጥ ልጅ፣ ስፖርት፣ ቪዲዮ ከሆነ ስራችሁ ሌላ ፈልጉ። ሰው፣ ፊት፣ ማታ፣ ቤተክርስቲያን፣ ቤተሰብ ከሆነ ዛሬም ይሄን ካሜራ ያለ ምንም ጥርጣሬ እገዛለሁ።

የአባዬን ሌንስ ነገር ሳልጨርስ። ፒያሳ ሳይፈርስ በፊት ሰአትም ካሜራም ሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጋ ወስጄ ፈተው አፀዱልኝ፣ ድሩ ለቀቀ፣ ምልክቱ ግን መስታወቱ ላይ ቀረ። ከ6ዲ ጋር ሚያገናኘው የብረት ቀለበት አለ፣ ፎከሱ በእጅ ነው፣ እኔ ስክሪኑ ላይ አስር እጥፍ አጉልቼ ነው ምይዘው። ባለፈው ፋሲካ አባዬን በረንዳ ላይ ከኋላው ፀሀይ እየመጣ በዛ ሌንስ አነሳሁት። ኋላው ያሉት ቅጠሎች ሁሉ ክብ ሰርተው ሚሽከረከሩ ይመስላሉ፣ ሄሊዮስ እንደዛ ነው፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ስስ ጭጋግ አለ። አሳየሁት፣ መነፅሩን አድርጎ ረጅም ሰአት አየው።

"ይሄ ጭጋግ ምንድነው?" አለኝ።

"ከሳጥኑ ነው አባዬ" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ቡናማውን የቆዳ ቦርሳ ከፍቶ፣ አጥሩ ስር ፀሀይ ላይ አስጥቶት አገኘሁት።